በመስቀል ማዕድ ላይ ጎመን ምን ይሠራል?

(ጅማ ውስጥ፣ ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት በአንድ የሰፈር እድር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ፊት ለፊት ወንበር አለ። በዓሉ ቀናት ቢቀሩትም ከወዲሁ እንኳን አደረሳችሁ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም መጥታችኋል፤ አሰላሙ አለይኩም። አከም ጅርቱ? እናንተ መምጣታችሁ ለዛሬው ወሬዬ የግድ ነበር፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

የእድራችን ሊቀመንበር "እትዬ፣ ስለ በዓል አመጋገብ ትንሽ ይናገሩልን" ሲሉኝ፣ ስለ ጨውና ስለ ደም ግፊት የማወራ መስሏቸው ነበር። የለም። ስለ ጎመን ነው የማወራው። (ሳቅ) ሳቁ ሳቁ! ባለፈው ዓመት ግን ማንም አልሳቀም።

ያልነበራችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ባለፈው መስቀል የጋራ ማዕድ አዘጋጅተን፣ ከየቤቱ የተለያየ ጎመን መጣ። አንዱ ቆስጣ የተቀላቀለበት ነው። አንዱ በስጋ የተሠራ ነው። አንዱ በዘይት ነው። አንዱ ደግሞ በቅቤ ከመራሱ የተነሳ ጭልፋው ይንሸራተት ነበር። ስለ ክትፎው ማንም ምንም አላለም። ጎመኑ ላይ ግን ፓርላማ ተከፈተ! "ይሄ ጎመን ነው?" "ይሄ በዓል ነው?" አንዷ እህታችን ድስቷን እንደተከደነ ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ለጎመን ሲባል ተኳረፍን። እስኪ አሁን ይሄ ይወራል?

ይወራል። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ጎመን በበዓል ማዕድ ላይ ይቅረብ ወይስ አይቅረብ? ሁለተኛ፣ ከቀረበስ እንዴት ይሠራ? ሦስተኛ፣ ማን ይበላዋል? ሁለተኛው ይረዝማል፤ ቡናችሁን ያዙ።

አንደኛው እንግዲህ። ባለፈው ዓመት አንድ አባታችን "ጎመን የክረምት ነው፤ ለበዓል ምን ይሠራል?" ብለው ነበር። እዚህ አሉ፣ አይቻቸዋለሁ። ጋሼ፣ አይቆጡኝ፤ ግማሹን ለእርስዎ ነው የምከራከረው።

እናትና አባቴ ከጎጃም የመጡ ናቸው። እኔ እዚሁ ጅማ ብወለድም፣ ጓዳችን ጎጃም ነበር። እዚያ አገር ነሐሴ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ጎተራው ተሟጧል። አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። ጓሮ ውስጥ ያለው ምንድነው? ጎመን። ጠዋት ጎመን፣ ማታ ጎመን። ጨው ካለ በጨው፣ ከሌለም እንዲሁ። ለዚህ ነው መስከረም ሲጠባ "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!" የሚባለው። ችግር ውጣ፣ ጥጋብ ግባ ማለት ነው።

እናቴ ጅማ ገብታ፣ ደመወዝተኛ አግብታ፣ ጎተራ የሚባል ነገር ረስታ እንኳ ይህን አልተወችም። በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ የጎመን ምንቸቷን ከጓዳ አውጥታ በረንዳ ላይ ትደፋዋለች። እኛ ልጆቹ "ውጣ! ውጣ!" እያልን እንጮሃለን። ጎመን ጠልታ እንዳይመስላችሁ። በአዘቦት ስትሠራው ጣት ያስቆረጥማል። በበዓል ጎመን ማቅረብ ግን ለእሷ፣ ለእንግዳ "ቤቴ ባዶ ነው" ብሎ መንገር ነበር። "ጎመን በጤና" የሚለውን ተረት እስኪ ልብ በሉት። ማን ነው እንደዚያ የሚለው? ስጋ እያለው ጎመን ያማረው ሰው ነው? አይደለም፤ ስጋ ያጣ ሰው ነው። ጋሼ፣ እስከዚህ ድረስ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ከፈለጉም ዘንድሮ ገንፎ እናስገባልዎታለን። (ሳቅ)

ታዲያ እኔ ማንን ባገባ ጥሩ ነው? ጉራጌ! (ሳቅና ጭብጨባ) ሂርማታ መርካቶ ሱቅ ካላቸው ቤተሰብ። በመጀመሪያው መስቀል አማቴ እናቴን ጠሩ። እናቴ ነጭ በነጭ ለብሳ መጣች። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ይሸታል። እሷ ክትፎ ስትጠብቅ አማቴ ከሁሉ በፊት አንድ ጣባ ይዘው ወጡ። በኮባ ተሸፍኗል። ኮባውን ሲገልጡት ጎመን! የቀንድ ማንኪያ ጣል አደረጉበትና እናቴ ፊት አስቀመጡት።

እናቴ እኔን አየችኝ። እንዴት እንዳየችኝ አሁንም ትዝ ይለኛል። ቀስ ብላ "ልጄ፣ ለኔ ጎመን? በመስቀል?" አለችኝ። አማቴ ጆሯቸው ቀጭን ነው፣ ሰሙ። አልተቆጡም። አጠገቧ በርጩማ ስበው ቁጭ አሉና፣ "እትዬ፣ በሬውን ወንዶቹ ናቸው የገዙት፣ ወንዶቹ ናቸው የሚጥሉት። ይሄን ግን ከሌሊት ጀምሬ እኔ ነኝ የከተፍኩት። ቅቤውም የኔ ነው። ስጋው የእነሱ መስቀል ነው፤ ይሄ የኔ መስቀል ነው። አይቅመሱልኝም?" አሉ።

እናቴ ቀመሰች። ደገመች። ጣባው ባዶ ሲሆን "ቅቤው ነው የጣፈጠው" አለች። ጎመኑ ጣፍጦኛል የሚል ቃል ከአፏ ሳይወጣ አረፈች። ነፍሷን ይማር፤ በየዓመቱ ግን "ያ የአማትሽ ቅቤ መቼ ነው?" ትለኝ ነበር። (ሳቅ)

አማቴ "ቅቤውም የኔ ነው" ያሉት ለወግ ያህል አልነበረም። በጉራጌ ሴቶቹ ለመስቀል የሚሆን ቅቤ የሚያጠራቅሙበት የራሳቸው እቁብ አላቸው፤ ውጆ ይሉታል። ወንዱ ለበሬው ገንዘብ ሲቋጥር፣ ሴቷ ቅቤ ትቋጥራለች። በመስቀሉ ሰሞንም ከእርዱ በፊት የጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን አለ። ስጋ ስላልደረሰ ማስታገሻ ነው እንዳትሉኝ። የራሱ ቀን ነው፣ የራሱ ጣባ አለው፣ የራሱ ባለቤት አላት።

ስለዚህ ጋሼ "ጎመን የክረምት ነው" ሲሉ ልክ ነዎት። ያቺ ድስቷን ይዛ የሄደችው እህታችን "ጎመን የሌለበት መስቀል መስቀል አይደለም" ስትልም ልክ ናት። ጎመኑን ያወቃችሁት በተለያየ ቀን ነው። አንዳችሁ በረሃብ ቀን፣ አንዳችሁ በክብር ቀን። ጅማ ላይ ደግሞ ሁለታችሁም በአንድ አጥር ትኖራላችሁ። ይህቺ ከተማ ድሮም እንደዚያው ናት። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ ይስብ ነበር። ጎጃሜው፣ ጉራጌው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፊቾው ሁሉም ከጅማ ኦሮሞ ጋር እዚሁ ቀረ። ድስቱንም ይዞ ቀረ።

የኔን አቋም ከጠየቃችሁ፣ ጎመን ይቅረብ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ለሦስተኛው ነጥብ አቆይቼዋለሁ።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ። እንዴት ይሠራ? እዚህ ላይ እኔም እጣላለሁ፤ አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።

መጀመሪያ ቅጠሉ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የእርሻ መምህርት ስለሆንኩ ትንሽ ታገሱኝ። የአበሻ ጎመን፣ ብዙ ቦታ የጉራጌ ጎመን የሚሉት፣ የዚሁ የኛ ደጋ ተክል ነው። ናጋሃሩ ዩ የሚባል ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. የጎመንን ዘር ሐረግ መርምሮ ሲያወጣ፣ የኛ ጎመን ከሁለት ተክሎች መዳቀል የተገኘ መሆኑን አሳየ። አንደኛው ወላጅ ጥቁር ሰናፍጭ ነው። ሌላኛው ጥቅል ጎመን የሚመደብበት ወገን ነው። ጥሬውን ስትከትፉት አፍንጫ የሚሰነፍጠው ከየት መጣ መሰላችሁ? ከሰናፍጩ ነው። ምጣድ የምታሰሱበት የጎመን ዘርም የዚሁ የጎመናችን ዘር ነው። እንጀራችሁ ሳይቀር የጎመን ውለታ አለበት።

ቆስጣስ? ቆስጣ የጎመን ዘመድ አይደለም፤ የቀይ ስር ዘመድ ነው። ቶሎ ይበስላል፣ ቶሎ ይለሰልሳል፣ ለመክተፍም አያደክም። ለዚህ ነው የሚወደደው። ግን ውሃ ይተፋል። ቅቤ ስታፈሱበት ቅቤው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ጎመኑ ውስጥ አይገባም። ሌላም አለ። ቆስጣ ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ነገር በብዛት ስላለ ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል። ጎመን ላይ ይሄ ችግር እምብዛም የለም፤ ካልሲየሙ ለሰውነት ይደርሳል። ለሚያድግ ልጅና ለአጥንት ለምትሰጉ እናቶች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በአዘቦት ቆስጣ ብሉ፣ ማን ከለከላችሁ። በመስቀል ግን ቆስጣ ከትፎ "ጎመን ክትፎ" ማለት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ማጭበርበር ነው። (ጉርምርምታ) አጉረምርሙ፣ ግድ የለም።

አሁን ወደ ከተፋው። ቢላዋ ወይስ ብሌንደር?

ወጣቶቹ "እማማ፣ በደቂቃ ያልቃል እኮ" ትላላችሁ። አዎ፣ በደቂቃ ያልቃል። የሚወጣው ግን ሌላ ምግብ ነው። ብሌንደር ቅጠሉን አይቆርጠውም፤ ይጨፈልቀዋል። ጭማቂው ይወጣና ሊጥ ይሆናል። ማንኪያ ላይ የሚቆም አይደለም፣ የሚፈስ ነው። የልጅ ምግብ ነው ብላችሁ ብትሰጡኝ አልከራከርም።

አማቴ እንዴት እንደሚከትፉ ላሳያችሁ። መክተፊያው እዚሁ ጅማ አናጢ የሠራው የዋንዛ ጣውላ ነው፤ መሃሉ ከብዛት የተነሳ ጎድጉዷል። ጎመኑን ከታጠበ በኋላ ቅጠል በቅጠል እያነሱ ወፍራሙን ዘንግ በጣታቸው ከሥር ወደ ላይ ሸርተት አድርገው ይነጥላሉ። ዘንጉ አይጣልም፤ ለነገ ወጥ ይቀመጣል። ቅጠሉ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ትንሽ ጨው ተደርጎበት ይገባል። ሲለዝብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በሁለት እጅ ተጨምቆ ኳስ ይሆናል። ኳሱን መክተፊያው ላይ አስቀምጠው በትልቁ ቢላዋ ይጀምራሉ። ታክ፣ ታክ፣ ታክ። አንድ ጊዜ ከትፈው አይጨርሱም። ይሰበስቡታል፣ ያዞሩታል፣ ደግመው ይከትፉታል። ሲጨርሱ ቆንጠር አድርገው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያሹታል። ክር ነገር ከተገኘ እንደገና ነው። "ጥርስ የሌላቸው አባቴ ካልበሉት አልተከተፈም" ይሉ ነበር።

ጥሬውን ከትፈው በኋላ የሚያበስሉም አሉ። የሰናፍጩ ነገር እንዲጎላ የሚወድ እንደዚያ ያድርግ። ለኔ ቅቤውን ይሻማብኛል፤ ለሌላው ግን ይጣፍጠው ይሆናል። እዚህ ላይ አልጣላም።

ስለ ቀለሙ ግን ልጨምር፤ ሁሌም ትጠይቁኛላችሁ። "የኔ ጎመን ለምን ይጠቁራል?" ክዳኑን ስለምትዘጉት ነው። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል በውስጡ ማግኒዥየም አለው። ጎመን ሲፈላ ከራሱ አሲድ ይወጣል። ድስቱ ከተከደነ አሲዱ በእንፋሎት መውጫ ያጣና ተመልሶ ክሎሮፊሉን ያጠቃል። ማግኒዥየሙን ያስለቅቀዋል። ጎመኑ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ክፈቱት! ክዳኑን ክፈቱት፣ ውሃው በደንብ ይፍላ፣ ቶሎ አውጡት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስነኩት። ሶዳ የምትጨምሩም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሶዳ ቀለሙን ይጠብቃል፤ ጎመኑን ግን ያላሽቀዋል፣ ቫይታሚን ሲውንም ያጠፋዋል። የተቀቀለበትን ውሃም አትድፉት። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ቫይታሚን እዚያ ነው ያለው፤ ለሾርባ አድርጉት።

ቅቤ! አሁን መጣን። (ሳቅ)

"ጎመን ጤና ነው፣ ቅቤ ያበላሸዋል" የሚሉ አሉ። በተለይ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቻችን። እውነቱ ግን ወዲህ ነው። ጎመን ውስጥ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አለ፤ ይሄ ነገር ደግሞ ቅባት ሳያገኝ በደንብ አይዋሃድም። በባዶ ውሃ የተቀቀለ ጎመን የበላ ሰው ከጥቅሙ ብዙውን አላገኘም። እነዚያ አያቶች ሳይንሱን ተምረው አይደለም፤ ግን ጎመንና ቅቤን ያጋቡት በከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጎመኑ በቅቤ ይዋኝ አላልኩም። ማንኪያውን ስታነሱ ቅቤ የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል። ጎመኑ አብረቅርቆ ጣባው ደረቅ ከሆነ ልክ ነው።

ቅመሙ ላይ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ሚጥሚጣ፣ ጨው። ነጭ ሽንኩርት የሚወድ ትንሽ። ኮረሪማ እንኳ እኛ ጋ አይቸግርም፤ የዚሁ የደቡብ ምዕራቡ ጫካ ልጅ ነው። ቅቤው ሞቅ ይበል እንጂ አይቃጠል። ስትገዙም አደራ፤ ሙዝ ተለውሶበት የሚሸጥ ቅቤ ስንቱን ሰው እንዳቃጠለ ታውቃላችሁ። የበዓል ሰሞን ደግሞ ይብሳል። ከምታውቁት ሰው ግዙ።

አንድ ነገር፣ በጣም አጭር ነው ግን አድምጡኝ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ካላችሁ፣ ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው። በዓል ነው ብላችሁ በአንድ ጊዜ ብዙ አትብሉ። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አይብ አጠገቡ ይቀመጥ ወይስ ይቀላቀል? አጠገቡ። አለቀ። (ሳቅ) የሚቀላቅል ሳህኑ ላይ ይቀላቅል።

ሦስተኛው። ማን ይበላዋል? እውነቱን ለመናገር የመጣሁት ለዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት ማዕዱ ላይ እኔ ዝም ብዬ የማየው አንድ ነገር ነበር። ከኛ ከክርስቲያኖቹ ጋር ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቁጭ ብለዋል። ክትፎ አለ፣ ጥብስ አለ። እነሱ የኛን እርድ አይበሉም፤ እኛም የእነሱን አንበላም። ይሄ በጅማ ያለ ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። ታዲያ ምን በሉ? ጎመን ጠየቁ። የትኛው ጎመን ነው ስጋ ያልነካው? ማንም በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም! ጭልፋው ከድስት ድስት ሲዞር ነበር። ድሮ አብረውን ስንት በዓል ያሳለፉ እናቶች ዳቦና ለስላሳ ይዘው ተነሱ። እኛ ደግሞ እዚያ ማዶ ስለ ቆስጣ እንጨቃጨቃለን። ታዲያ የሚያሳፍረው የትኛው ነው? ቆስጣው ነው ወይስ ይሄኛው?

እኔ ካገባሁ በኋላ የኖርንበት ግቢ የጋራ ነበር። ከኛ ጋር በግድግዳ የምትገናኝ ሙስሊም ጎረቤት ነበረችኝ፤ ልጆቻችንን አብረን አሳደግን። በአማቴ ሕግ የመስቀል ጎመን ክትፎ የሚሠራው በሬው ሳይወድቅ ነው። ቢላዋው የጎመን ነው። መክተፊያው የጎመን ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ጣባ ደግሞ የጎረቤት ነው። ልጅ ይዞት ይሮጣል፤ ጎረቤቴ ትቀበላለች፤ "ራፉው ደረሰ!" (በኦሮምኛ ጎመኑ ደረሰ ማለቷ ነው) ብላ ልጆቿን ትጠራለች። ጣባው ባዶውን አይመለስም። አንዳንዴ ማር፣ አንዳንዴ ቡና ይዞ ይመለሳል። አረፋ ሲሆን ደግሞ በተራዋ ለኛ ስጋ የሌለበትን ለይታ ታስቀምጣለች። ማንም ሰብስቦ አልሰበከንም። ጓዳው ነው ያስተማረን።

አንድ መስቀል ላይ ግን አንዲት ከሩቅ የመጣች ዘመዳችን፣ ሳታውቅ፣ ክትፎ የለወሰችበትን ማንኪያ ጎመኑ ውስጥ ነከረችው። ለጎረቤት የተቀመጠው ጣባ ውስጥ! ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። መሽቷል። እኔ "እማማ፣ ትንሽ ስለሆነ ላዩን እንጥረገው፤ ማን ያያል?" ልል አፌን ስከፍት ፊታቸውን አይቼ ዘጋሁት። አማቴ ምንም አልተናገሩም። ጣባውን አንስተው "ይሄ ለቤት ይሁን" አሉ። ባትሪ ይዘው ጓሮ ወጡ። ጎመን ቀጥፈው ተመለሱ። አጠቡ፣ ቀቀሉ፣ ጨመቁ። መክተፊያውን በፈላ ውሃ ቀቅለው አስቀመጡት። ሳሎን ውስጥ ወንዶቹ ይጨፍራሉ፤ ጓዳ ውስጥ ታክ፣ ታክ፣ ታክ። ሲጨርሱ ራሳቸው ነጠላቸውን ደርበው፣ ጣባውን ይዘው የጎረቤቴን በር አንኳኩ። "ዘገየንብሽ" ብቻ ነው ያሉት።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ልብ በሉልኝ። በአንድ የጅማ ግቢ ውስጥ ለመስቀል ሁሉም ሰው እጁን የሚሰድበት ሳህን የቱ ነው? ክትፎው አይደለም። ዶሮው አይደለም። ጠላው አይደለም። ጎመኑ ነው። ጎጃሜዋ እናቴ በልታዋለች፣ ጉራጌዋ አማቴ በልተውታል፣ ኦሮሞዋ ሙስሊም ጎረቤቴ በልታዋለች። ጥርስ የሌላቸው አባት በልተውታል። ከቅቤውና ከስጋው ለሚጾሙም ሳይቀር ይሆናል። የ2017ቱን መስቀል ታስታውሳላችሁ? አርብ ላይ ዋለ። አርብና ረቡዕ የዋለ መስቀል እንደ ገናና እንደ ጥምቀት አይደለም፤ ጾሙ አይሻርም። የዚያን ዕለት ክትፎው ፍሪጅ ውስጥ ሲተኛ ማዕዱን የያዘው ማን ነበር? በዘይት የተሠራ ጎመን! ያን ቀን "ጎመን ለበዓል ምን ይሠራል" ያለ ሰው አልሰማሁም። (ሳቅ)

ታዲያ "ይቅረብ" የምለው ለዚህ ነው። ግን ይሄ የሚሆነው ጎመኑ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው። ጎመን በስጋ አትሥሩ አላልኩም። ይጣፍጣል፣ እኔም እወደዋለሁ። በየቤታችሁ ሥሩት። የጋራው ማዕድ ላይ ግን እባካችሁ ለብቻው ይቀመጥ፤ ምን እንደሆነም ይነገር። "ትንሽ ስጋ ነው፣ አይታወቅም" የምትሉትን ነገር ተዉት። አይታወቅም ብሎ ጎረቤትን ማብላት ምን ይባላል? እናንተው ስም አውጡለት።

ከከተማው ክትፎ ቤቶች የተማርነው አንድ ነገርም ይቅርብን። እነሱ ጎመን የሚያቀርቡት በሻይ ማንኪያ፣ ክትፎው ዳር፣ ለጌጥ ነው። የክትፎው ቅቤ ይነካካዋል። ሱቅ ነው፣ ይገባኛል። እኛ ግን እድር ነን። የኛ ጎመን የራሱ ጣባ ይኑረው።

እንግዲህ የዘንድሮውን ከሴቶቹ ኮሚቴ ጋር ተነጋግረናል፤ ልንገራችሁና ልውረድ። ጎመኑን ሐሙስ ገበያ ላይ በጋራ እንገዛለን። ቅጠሉ ወጣት ይሁን፤ አበባ ያወጣ አንገዛም። ከተፋው እኛ ግቢ ነው። መክተፊያና ቢላዋ ያላችሁ አምጡ፤ ስጋ የነካ መክተፊያ ግን አልቀበልም፣ በር ላይ ነው የምመልሰው። ወንዶችም ትመጣላችሁ። አዎ፣ እናንተም! ጎመን መጭመቅ ጉልበት ይፈልጋል። ሁለት ድስት ይሆናል፤ አንዱ በቅቤ፣ አንዱ በዘይት። ለየብቻ ጭልፋ ይኖራቸዋል፤ ጭልፋው ላይ ክር ታስሮ ይለያል። ጎመኑ ማዕድ ላይ የሚወጣው ከስጋው በፊት ነው፤ መጀመሪያ የሚነሱትም እንግዶቻችን ናቸው። ያቺ ድስቷን ይዛ የሄደችው እህታችን ቅመሙን እንድትይዝ ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብላለች። (ጭብጨባ)

የኔ ይሄው ነው። የአይቡን ነገር አለቀ ብዬ ነበር፤ እዚያ ጥግ ያሉት እናት ግን እጃቸውን ካወጡ ቆይተዋል። ማይኩን ስጧቸው እስኪ።